ገንዘብ ያዡ ዕቃ ሲሸከም
የፎቶግራፍ ጭነት የኢንተርኔት ሱቆችን እንዴት እንደሚጎዳና መፍትሔው

ሰው ሳያይ አይገዛም። ይህ የገበያ ሕግ መርካቶም ሆነ ኢንተርኔት ላይ አንድ ነው። ትናንት ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ቁልፍ አንጠልጥሎ ደንበኛውን ከሰፈር ሰፈር ያዞር ነበር። ዛሬ የሳሎኑን፣ የወጥ ቤቱንና የግቢውን ፎቶግራፍ በስልኩ አንስቶ ይልካል፤ ደንበኛውም ያልፈለገውን ከወንበሩ ሳይነሣ ይጥላል። የመኪና ነጋዴው፣ የማሽነሪ አስመጪውና የልብስ ቸርቻሪውም በዚሁ መንገድ ገብተዋል። በኢንተርኔት ገበያ ፎቶግራፍ ጌጥ ሳይሆን ዋናው ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕቃ ከሆነ ደግሞ መጋዘን ያስፈልገዋል፤ ተሸካሚ ያስፈልገዋል፤ የማጓጓዣ ወጪም አለው። ይሁንና ገንዘባቸውን በኢንተርኔት ሱቅ ላይ የሚያፈሱ ብዙ ባለሀብቶች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ገጹ ቀለም፣ ስለ አርማውና ስለ ማስታወቂያው ነው። ፎቶግራፎቹን ማን ይሸከማል? የጭነቱንስ ሒሳብ ማን ይከፍላል? የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ሱቁ ተከፍቶ፣ ደንበኛ መጥቶ፣ ገጹ አልከፈት ካለ በኋላ ነው። በዛሬው የገበያ ገጻችን ይህንኑ ጉዳይ ለነጋዴው በሚገባ ቋንቋ እንመለከታለን።

በአንዲት ቅንጣት ሥዕል የተደናቀፈው ሱቅ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2010 ኬቪን ሲስትሮምና ማይክ ክሪገር ኢንስታግራምን ለሕዝብ ከፈቱ። የተነሡበት ሰርቨር ሎስ አንጀለስ የተቀመጠ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ሲሆን፣ ክሪገር በኋላ እንደተናገሩት አቅሙ ከአንድ ማክቡክ ፕሮ ላፕቶፕ ያነሰ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 25,000 ሰው ተመዘገበ፤ ኮምፒዩተሩም ይንገዳገድ ጀመር።

ምክንያቱ ሲፈተሽ የመጀመሪያዋ ጥፋተኛ ሆና የተገኘችው በብራውዘር ጫፍ ላይ የምትታየው ትንሽዬ የድረ ገጽ አርማ ናት። ሥዕሏ በቦታዋ አልተቀመጠችም ነበር። ብራውዘሮች ደግሞ ሳይነገራቸው ይጠይቋታል። ጥያቄው ሁሉ ድረ ገጹ ወደተሠራበት ጃንጎ ወደተባለው ፕሮግራም ይሄዳል፤ ጃንጎም ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ስሕተት ይመዘግባል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ይመጣል። አንዲት የሌለች ሥዕል ይህን ካደረገች፣ ያሉት ሚሊዮን ፎቶግራፎች ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

ሁለቱ ሰዎች ትምህርቱን ቶሎ ያዙ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አሠራሩን ይፋ ሲያደርግ መሐንዲሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። ፎቶግራፎቹ በቀጥታ የሚገቡት ከአማዞን በተከራዩት ኤስ3 በተባለ ማከማቻ ሲሆን፣ ክምችቱ በዚያን ጊዜ በርካታ ቴራባይት ደርሶ ነበር። ወደ ደንበኛው የሚያደርሳቸውም ክላውድፍሮንት የተባለ የማከፋፈያ መረብ ነው። ከ25 በላይ በሆኑ ሰርቨሮች ላይ ይሠራ የነበረው ጃንጎ የቀረለት ሥራ መዝገብ መያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2012 ፌስቡክ ድርጅቱን በ1 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ የሠራተኞቹ ቁጥር 13 ነበር። 13 ሰው ያን ሁሉ ፎቶግራፍ ሊያስተዳድር የቻለው ሸክሙን ከራሱ ትከሻ ስላወረደ ነው።

የገንዘብ ያዥ ሥራ ሒሳብ ነው

ጃንጎ፣ ሬይልስ፣ ላራቬልና የመሳሰሉት ፍሬምወርክ ይባላሉ። ድረ ገጽ የሚሠራ ባለሙያ ሁሉን ነገር ከባዶ እንዳይጀምር መሠረቱንና ምሰሶውን አቁመው የሚሰጡ ናቸው። ዋና ተግባራቸው ማሰብ ነው። ደንበኛው ማነው? ምን ጠየቀ? ይፈቀድለታል ወይ? ዋጋው ስንት ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ አዘጋጅተው ይልካሉ።

በአንድ ትልቅ የጅምላ መደብር ውስጥ ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ተቀብሎ ደረሰኝ ይቆርጣል። ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ወደ መጋዘን ይሄዳል፤ ኩሊው ካርቶኑን ይጭንለታል። ገንዘብ ያዡ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ መኪና ድረስ የሚያደርስ ቢሆንስ? ሰልፉ አስፋልት ላይ ይወጣል። ፍሬምወርኩ ፎቶግራፎችን በራሱ እጅ እንዲያድል የተደረገበት ድረ ገጽ ሁኔታው ይኸው ነው። የጃንጎ ሰነድ ራሱ ለሙከራ ብቻ ያስቀመጠው የፋይል ማደያ መንገድ ቀልጣፋ እንዳልሆነና ደኅንነቱም የማያስተማምን መሆኑን ገልጾ፣ ለእውነተኛ ሥራ እንዳይውል ያስጠነቅቃል።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። አንድ የመኪና መሸጫ ድረ ገጽ በአንድ ገጽ 20 መኪና ያሳያል እንበል። ፎቶግራፎቹ ከስልክ እንደወጡ ከተለጠፉ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ቢሆኑ ገጹ 80 ሜጋባይት ይመዝናል። የደንበኛው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚያወርድ ከሆነ ገጹ ተሟልቶ እስኪታይ 640 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ብራውዘር በቆየው የኤችቲቲፒ 1.1 አሠራር ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ 6 ያህል መስመር ይከፍታል። ከፍሬምወርኩ ፊት ሌላ ሰርቨር ሳይቆምለት፣ ተራ በተራ የሚያስተናግዱ 8 ሠራተኞች ብቻ ቢኖሩት፣ አንድ ባለ ደካማ መስመር ደንበኛ 6ቱን ከ10 ደቂቃ በላይ ይዟቸው ይቆያል። ሁለተኛው ዓይነቱ ሲመጣ ሱቁ ተዘጋ ማለት ነው። ዋጋ ጠይቆ ሊገዛ የመጣው ሦስተኛ ደንበኛ የሚያየው ባዶ ገጽ ነው። ባለቤቱ «ሰርቨሩ አነሰን» ብሎ ትልቅ ይከራያል፤ ችግሩ ግን ከሰርቨሩ ጉልበት ሳይሆን ከሥራ ክፍፍሉ ነበር።

አንደኛው መፍትሔ፤ ዕቃው ሲገባ ይዘጋጅ

ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን አይስትም። አንደኛው የገቢ፣ ሁለተኛው የወጪ ደረሰኝ ነው። ዕቃ የሚመረመረውና የሚቆጠረው ሲገባ ነው፤ ሲወጣ ደረሰኙን አይቶ መስጠት ብቻ ይቀራል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ሊያዝ ይገባዋል።

አንዳንድ ድረ ገጾች ግን ትልቁን ፎቶግራፍ እንዳለ አስቀምጠው ደንበኛ በጠየቀ ቁጥር ያሳንሱታል። ይህ ትልቅ ጉልበት ይበላል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶግራፍ በፋይል 4 ሜጋባይት ቢመዝንም፣ ለማሳነስ ሲፈታ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ላይ 36 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። የታሰረ የሳልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ክፍሉን እንደሚሞላው ማለት ነው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠይቅ 360 ሜጋባይት ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ደንበኛ ፊት የሚደረግ ዝግጅት ደንበኛ ፊት ይወድቃል።

ትክክለኛው መንገድ ፎቶግራፉ እንደገባ በሚያስፈልገው መጠን አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ለዝርዝር ገጽ ትንሽ፣ ለዕቃው ገጽ መካከለኛ፣ አጉልቶ ለሚያይ ትልቅ። ሥራውም ሻጩን ሳያስጠብቅ ከበስተጀርባ በወረፋ ይሠራል። በላራቬልም ሆነ በጃንጎ ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች ሞልተዋል፤ ሬይልስም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 5.2 እትሙ አክቲቭ ስቶሬጅ የተባለውን ክፍል ጨምሯል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቀው ዌብፒ የተባለ የምስል ዓይነት፣ ጉግል ራሱ ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በጥራት ከሚስተካከለው ጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያነሰ ነው።

ውጤቱ ምንድን ነው? ለዝርዝር ገጹ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ወደ 30 ኪሎባይት ቢወርድ፣ 80 ሜጋባይት የነበረው ገጽ 600 ኪሎባይት ይሆናል። ከ10 ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው 5 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። ደንበኛው 1 ጊጋባይት ጥቅል ገዝቶ ከሆነ፣ በመጀመሪያው አሠራር 12 ገጽ አይቶ ጥቅሉ ያልቃል፤ በሁለተኛው ከ1,600 በላይ ያያል። የሱቃችሁ መግቢያ በር ላይ ደንበኛውን ገንዘብ የምታስከፍሉ መሆናችሁን ልብ በሉ።

ደላሎችን በቀጥታ የሚመለከት ሌላ ነገርም አለ። የቦታ መጠቆሚያው የተከፈተ ስልክ ያነሣው ፎቶግራፍ ቤቱ የሚገኝበትን ቦታ በቁጥር ይዞ ሊወጣ ይችላል። ዋናው ፋይል ሳይነካ ከተለጠፈ፣ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ ቁጥሩን አውጥቶ ካርታ ላይ በመፈለግ ደላላውን ዘልሎ ባለቤቱ ደጅ ይቆማል። ኮሚሽን በፎቶግራፍ ቀዳዳ ሾለከች ማለት ነው። ፎቶግራፉ ሲገባ የሚዘጋጅ ከሆነ ይህ መረጃ አብሮ እንዲፋቅ ማዘዝ ቀላል ነው። ባለሙያው ከመፋቁ በፊት ፎቶግራፉን ወደ ትክክለኛ አቋሙ ማዞሩን እንዳይረሳ ግን መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መኪናው በጎኑ ተኝቶ ይታያል።

ሁለተኛው መፍትሔ፤ ዕቃው በመጋዘን በር ይውጣ

የተዘጋጀው ፎቶግራፍ ሲወጣ በገንዘብ ያዡ እጅ ማለፍ የለበትም። ኢጎር ሲሶየቭ የተባሉት ሩሲያዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ለሕዝብ ያወጡት ኤንጂንኤክስ የተባለ ሰርቨር ለዚህ የታወቀ ነው። ከፍሬምወርኩ ፊት ይቆማል፤ የፎቶግራፍ ጥያቄ ሲመጣ ፍሬምወርኩን ሳይቀሰቅስ ከዲስኩ አንስቶ ይሰጣል። አንዱ ሠራተኛው ብዙ ሺህ መስመሮችን አንድ ላይ ስለሚይዝ ባለ ደካማ መስመር ደንበኛ ቢያዘግምበት አይጨነቅም።

«ሁሉም ሰው ሊያየው የማይገባ ፎቶግራፍስ?» የሚል ይኖራል። የመኪና ሊብሬ፣ የቤት ካርታ፣ የመታወቂያ ቅጂ በየድረ ገጹ ይላካሉና ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ፍሬምወርኩ የፈቃድ ሥራውን ይሠራል፤ ሸክሙን ግን አይነካም። ጠያቂውን ይመረምርና ለኤንጂንኤክስ «ይህን ፋይል ስጠው» የሚል አጭር ትዕዛዝ ያስተላልፋል። ወይም ፎቶግራፉ ከተከራዩት ማከማቻ ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለ5 ደቂቃ ብቻ የሚያገለግል የተፈረመ አድራሻ ቆርጦ ለደንበኛው ይሰጣል። ጊዜው ሲያልፍ አድራሻው ዋጋ የለውም። ሻጩም ፎቶግራፉን ሲያስገባ በተመሳሳይ የተፈረመ ፈቃድ በቀጥታ ወደ ማከማቻው ሊልክ ይችላል።

ሦስተኛው መፍትሔ፤ አከፋፋይ ይኑር

ለስላሳ መጠጥ የሚፈልግ ሰው ፋብሪካ ድረስ አይሄድም፤ ከሰፈሩ ሱቅ ይገዛል። ሱቁ ከአከፋፋይ፣ አከፋፋዩ ከፋብሪካው ያመጣል። ሲዲኤን የሚባሉት የማከፋፈያ መረቦች ሥራቸው ይኸው ነው። አንድ ፎቶግራፍ አንድ ጊዜ ከዋናው መጋዘን ከወጣ ቅጂው ለደንበኛው በቀረበ ጣቢያ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ጠያቂ ከዚያው ይወስዳል።

ከአከፋፋዩም የቀረበ መደርደሪያ አለ፤ እርሱም የደንበኛው ስልክ ነው። ሰርቨሩ ፎቶግራፉን ሲልክ «ለ31,536,000 ሰከንድ ያዘው» ብሎ ቢያዝዝ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት፣ ስልኩ ቦታ እስካለው ድረስ ያንኑ ፎቶግራፍ ደግሞ አይጠይቅም። ፎቶግራፉ ቢቀየርስ? በአሮጌው ስም አዲስ ፎቶግራፍ ማስቀመጥ አይገባም፤ አዲስ ስም ይሰጠው። አለዚያ መኪናው ተሸጦ በቦታው ሌላ ቢተካም ደንበኛው የትናንቱን እያየ ይከራከራችኋል።

መጋዘኑ ሲያድግ

ፎቶግራፍ እየበዛ ሲሄድ ሸክሙ ብቻ ሳይሆን ፍለጋውም ወጪ ይሆናል። የፌስቡክ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደገለጹት፣ ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ከ260 ቢሊዮን በላይ ምስሎች ነበሩት፤ ከ65 ቢሊዮን ፎቶግራፎች እያንዳንዱ በአራት መጠን ተዘጋጅቶ ማለት ነው። ክብደቱ ከ20 ፔታባይት በላይ ሲሆን፣ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት በሰከንድ ከ1 ሚሊዮን በላይ ምስል ያድሉ ነበር።

የገጠማቸው ችግር መዝገብ ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በአንድ ማህደር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች በታጨቁበት ጊዜ አንድ ፎቶግራፍ ለማንሣት ዲስኩ ከ10 ጊዜ በላይ ይንቀሳቀስ ነበር። በአንድ ማህደር የሚገኙትን ወደ መቶዎች ሲያወርዷቸው ቁጥሩ 3 ሆነ። በመጨረሻ ሄይስታክ የተባለ አሠራር ነደፉ፤ ብዙ ፎቶግራፎችን በአንድ ግዙፍ ፋይል አከታትለው በማኖር ማውጫውን በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ላይ አስቀመጡ። ለአንድ ፎቶግራፍ አንድ የዲስክ እንቅስቃሴ በቃ። በዚህም ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር የአንድ ቴራባይት ወጪ በ28 በመቶ ያህል መቀነሱን አስታውቀዋል።

የአዲስ አበባ ነጋዴ ሄይስታክ አያስፈልገውም። ትምህርቱ ግን ለትንሹም ይሠራል፤ ሁሉንም ፎቶግራፍ በአንድ ማህደር አትጨቁ፤ ፎቶግራፉን ራሱን በዳታቤዙ ውስጥ አታስገቡ። በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው አድራሻው ብቻ ይሁን።

ሒሳቡ በዶላር ነው

ወደ ኪሳችን እንመለስ። ውጭ አገር ሰርቨር የሚከራይ ሰው ከሰርቨሩ ለሚወጣው እያንዳንዱ ጊጋባይት በዶላር ሊከፍል ይችላል። ክፍያው በጊጋባይት 9 የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንበል። ያ የመኪና ድረ ገጽ በወር 50,000 ጊዜ ቢታይ፣ ባለ 80 ሜጋባይቱ ገጽ 4,000 ጊጋባይት ያስወጣል፤ ሒሳቡ 360 ዶላር ነው። ባለ 600 ኪሎባይቱ ገጽ 30 ጊጋባይት ብቻ ስለሚያወጣ 2 ዶላር ከ70 ሳንቲም ይበቃዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በዚያ ተመን 360 ዶላር 20,520 ብር ነው። ለስሌት ያህል ዶላሩን 120 ብር ብንይዘው በወር 43,200 ብር፣ በዓመት 518,400 ብር ይሆናል። ቀላሉ ገጽ ግን በዚሁ ተመን ለዓመት 3,888 ብር ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት ለማንም አልጠቀመም፤ ደንበኛው በትንሽ ስልኩ ላይ ሊያየው ለማይችለው ትልቅ ፎቶግራፍ የወጣ ዶላር ነው። ያንንም ዶላር ለማግኘት የሚከፈለውን መከራ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ግን ሁሉም ይህን ይሥራ ማለት ነው?

አይደለም። በቴሌግራም ቻናል ላይ ፎቶግራፍ እየለጠፈ የሚሸጥ ነጋዴ መጋዘኑንም ኩሊውንም ሳይከፍል አግኝቷል፤ ዕቃው ጥቂት ከሆነ ከዚያ መውጣት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ደንበኛው በዋጋ፣ በሰፈር፣ በሞዴል መርጦ ልፈልግ ሲል ነው። በቻናል የተለጠፈ ዕቃ በአዲሱ ይቀበራል፤ የገበያው ቁልፍም በሌላ ሰው እጅ ነው። የራስን ሱቅ መክፈት ትርጉም የሚኖረው ከዚህ በኋላ ነው። 200 ፎቶግራፍ ላለው ጀማሪ አስቀድሞ ማዘጋጀትና አንድ ኤንጂንኤክስ ይበቁታል፤ ማከማቻ ኪራዩና አከፋፋዩ ገበያው ሲሰፋ ይመጣሉ። መጀመሪያውኑ የፎቶግራፎቹን አድራሻ ለይቶ የያዘ ሰው ያን ጊዜ መጋዘን ለመቀየር አይቸገርም።

በመሆኑም በኢንተርኔት ሱቅ ላይ ገንዘብ ሊያፈሱ የተዘጋጁ ባለሀብት ውል ከመፈረምዎ በፊት ለባለሙያው አራት ጥያቄ ያቅርቡለት። ፎቶግራፍ ሲገባ በስንት መጠን ይዘጋጃል? ሲወጣስ በፍሬምወርኩ በኩል ያልፋል ወይስ አያልፍም? ደንበኛው ነገ ተመልሶ ሲመጣ ያንኑ ፎቶግራፍ እንደገና ያወርዳል? ሊብሬና ካርታ የሚገኙበትን አድራሻ ያገኘ ሁሉ ሊከፍተው ይችላል?

ከመልሱ በኋላ ደግሞ ራስዎ ይሞክሩ። ዋይፋዩን ያጥፉ፤ በስልክዎ ዳታ ሱቁን ይክፈቱና አሥር ገጽ ይመልከቱ። ከዚያ ስልክዎ ስንት ሜጋባይት እንደበላ ያንብቡ። ቁጥሩ 10 አካባቢ ከሆነ ባለሙያዎ ሥራውን ያውቃል። 500ን ካለፈ ግን ብዕርዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚሸከመው ገንዘብ ያዡ ነው።